አየሩን ሳታወጣ ላክልኝ

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታው ይቆየንና መጀመሪያ አቤቱታዬን ስሚ። ደብዳቤሽን ከፍቼ፣ ገና መነጽሬን ሳላስተካክል ያነበብኩት መስመር «ድመቷ እንዴት ናት?» ይላል። ሁለተኛው መስመር የድመቷን ዓይን ይጠይቃል። ሦስተኛው ደግሞ ድመቷ አሁንም መደርደሪያው ላይ ትተኛ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። አጎት የሚባለው ፍጡር የተነሣው ወረቀቱ ከተገለበጠ በኋላ ነው፤ ያውም ጥጉ ላይ፣ ቦታ አጥቶ በአንድ እግሩ እንደ ቆመ ተሳፋሪ። ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ ፀጉሬን እየነጨሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ዛሬ ራሴ ላይ ፀጉር የሌለው በማን ምክንያት እንደሆነ አገር ያውቃል። ለመሆኑ ድመቷ ምን አድርጋልሻለች?

እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ድመቷ ደህና ናት፣ ዓይኗም ድኗል። እኔም ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ አንዳንድ ቀን እኔን ሳያማክር ይወስናል። አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ አዲሱ ክፍልሽ፣ ያቺ የምታንኮራፋው ጓደኛሽ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? እናትሽ ደህና ናት። ጥርሷ እንዳመማት ነው። «ይነቀልልሽ» ሲሏት «አብሮኝ ያረጀ ጥርስ ምን በደለኝ» ትልና ጉንጯ ውስጥ ቅርንፉድ ወትፋ ትውላለች። በሩን ከማንኳኳቷ በፊት በቅርንፉዱ ሽታ አውቃታለሁ።

እዚህ የሚያማርር ነገር ቢኖር ውሃ ነው። መንገዱን ሊያሰፉ ቆፍረው የወደቡን ቧንቧ ቆረጡትና እንደዚያው ትተውት ሄዱ። መጠገኛ ክፍሌ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሲከፍቱት ያጉረመርማል እንጂ ጠብ አይልም። የጠላቂዎቹ ዕቃ ሳይታጠብ እንደ ጉድ ተቆልሏል። የመጣው ሁሉ «የኔስ ታጠበ?» ይለኛል፤ እኔም መልስ ከመስጠት ቧንቧውን ከፍቼ ማጉረምረሙን አሰማዋለሁ። መሥራት የማይፈልገው ሥራ ላለበት ሰው እንዲህ ያለ ቧንቧ በረከት ነው።

የምሥራችሽን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት፤ ከዚያ ለድመቷ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። የመርከብ ሆድ ከሚጠግኑት ጠላቂዎች ጋር ልትሠለጥኚ ነው! ለእናትሽ ንገርልኝ ስላልሽኝ ነገርኳት። ፈርቼ ስለ ነፋሱ ጀመርኩ፣ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ቀጠልኩ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት ጣል አደረግሁት። ቅርንፉዷን ከግራ ጉንጯ ወደ ቀኝ አዛወረችና «ታዲያ የማን ልጅ ናት?» አለች።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የምትገዢውን የመጥለቂያ ሰደርያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ምረጪ። እውነቴን ነው። ዓይን ቀለም ነው የሚመርጠው፤ ትንሽ ወረድ ስትይ ደግሞ ቀይ የሚባል ቀለም የለም፣ ሁሉም አመድ ነው። እዚህ አንዱ ጠላቂ ከመኪናው ቀለም ጋር እንዲሄድለት ብሎ ገዝቶ ነበር። እስከ ዛሬ መኪናው ውሃ ውስጥ አልገባችም፤ እሱ ግን በገባ ቁጥር ብብቱ ይላጣል።

የመጥለቂያ ልብስሽን ከነውፍረቱ ልበሺና ከላዩ ድረቢው። በቲሸርት የለካ ሰው ውሃው ዳር ሲደርስ ዘለበቱ አይገጥምለትም። ከዚያ ሻጩን ጢም አድርጎ እንዲነፋው እዘዢውና ሳቂ። ቀልድ እንዳይመስልሽ። መሳቅ ካቃተሽ ጎድንሽን ጨምድዶታል ማለት ነው፤ ኋላ መተንፈስም ያቅትሻል። ስትስቂ ወደ ጆሮሽ ከተሰቀለ ደግሞ ሰፍቶሻል፤ ባሕር ላይ እሱ ሲንሳፈፍ አንቺ ውስጡ ትሰምጫለሽ። ሻጩ ስትስቂ አይቶ ያበድሽ መስሎት ቢደነግጥ፣ አጎቴ ነው ያዘዘኝ በይው።

ደግሞ ትልቁን ውሰጂ፣ ብዙ አየር ይይዛል ቢልሽ እሺ እንዳትይ። የሰደርያ ሥራው ምንድን ነው? ውስጡ ፊኛ አለው፤ ጀርባሽ ላይ ካለው የአየር ሲሊንደር ስትለቂበት ያነሣሻል፣ ስታስተነፍሺው ያወርድሻል። የተሸከምሽውን ሲሊንደርና የወገብሽን የእርሳስ ክብደት አንሥቶ አንገትሽን ከውሃ በላይ ካዋለልሽ ይበቃል። ከዚያ ያለፈ ፊኛ እንደ ሰከረ ዘመድ ነው፤ ልደግፍሽ እያለ ወዲያና ወዲህ ያላጋሻል። መንፊያውን፣ ማስተንፈሻውን፣ ከጀርባ በኩል የሚጎተተውን ገመድ ሁሉ በዳበሳ ፈልጊያቸው። የወደብ ውሃ ድፍርስ ነው፤ እዚያ ታች ዓይንሽ ጣቶችሽ ናቸው። ያልለመድሽውን ዘለበት ደግሞ ቤትሽ ሆነሽ አሥሬ ፍቺው፣ አሥሬ እሰሪው፤ ጓደኛሽም ከማንኮራፋቷ ትረፍ።

አያያዙን በተመለከተ ግን የኔን ከምነግርሽ የአባትሽን ልንገርሽ። እኔ ይህን ሙያ የተማርኩት መልሼ መግጠም የማልችለውን ዕቃ በመፍታት ነው። እሱ በዚያ ዕቃ ላይ ነፍሱን አንጠልጥሎ የሚወርድ ሰው ነበር።

ከባሕር ሲወጣ ሳይበላ፣ ፀጉሩን ሳያደርቅ፣ መጀመሪያ ሰደርያውን ያጥባል። ላዩን ማንም ያጥበዋል፤ ጨው የሚደበቀው ውስጡ ነው። በመንፊያው አፍ ንጹሕ ውሃ ያስገባበታል፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ወዲያና ወዲህ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ዘቅዝቆ ያንጠፈጥፈዋል። ፀሐይ ጎማ ስለሚያደርቅ ጥላ ውስጥ ይሰቅለዋል። ሲሰቅለው ደግሞ ባዶውን አይደለም። ባዶ የከረመ ፊኛ ውስጡ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ግማሽ ያህል ይነፋዋል። ሌላው ሰው ከሲሊንደሩ ትንሽ አየር ለቆበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባትሽ ግን ሁልጊዜ በአፉ ነበር። ለምን ትደክማለህ ሲሉት፣ «ጎማው አፌን ይወቅ፤ አየር ያለቀብኝ ቀን እንግዳ እንዳንሆን» ይላል። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ከንፈርሽ ቢያብጥም አድርጊ።

አሁን የደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ደረስኩ። አዲስ ከመግዛቴ በፊት ብለሽ የጻፍሻት መስመር ላይ። «የአባዬን ሰደርያ ላክልኝ። አየሩን ሳታወጣ ላክልኝ።»

መጀመሪያ ሳነበው ለቀልድ ተመቸኝ። የተነፋ ሰደርያ በሣጥን አድርጌ ብሰጠው የአውቶቡሱ ረዳት «ይሄ ሰውዬ ለምን ወንበር አልያዘም?» ይለኛል አልኩ። አባትሽ ግንድ የሚያህል ሰው ነበር፣ አንቺንም ጓደኛሽንም ድመቷንም አብሮ ይውጣል ልልሽ ነበር። ነገር ግን ውሸት ነው። ትከሻሽ የሱ ትከሻ ነው፤ ማሰሪያውን ሁለት ጣት ያህል ብታጠብቂው ልክሽ ይሆናል። ይህን ሳውቅ ነው እንግዲህ አንድ ሙሉ ገጽ ስለ አዲስ ሰደርያ የቀባጠርኩት።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲነፋው አንቺ አልነበርሽም። ሐኪሞቹ ደረቱን አይተው መጥለቅ ከከለከሉት ሰነባብቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በየመሐሉ እያረፈ ወደ ክፍሌ መጣ። ሰደርያውን ለብሶ፣ ከወደቡ ደረጃ ሥር እስከ አንገቱ ባሕር ውስጥ ገባ። መጥለቅ አልጠለቀም፤ ሐኪም አክባሪ ነው። ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ፣ ሰደርያው እንደደገፈው ሰማይ ሰማይ ሲያይ ቆየ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስለ ድመቷ አወራዋለሁ። ድመቷ ሰደርያ ላይ ተኝታ ሳለ ከሥሯ ቀስ አድርጌ ነፍቼው፣ ተኝታ ሹመት ያገኘች መስላ ከፍ ከፍ ማለቷን ነገርኩት። ባሕሩ ላይ እንደተንጋለለ ሳቀ።

ሲወጣ ላዩን አለቀለቀው። ውስጡን ለማገላበጥ ግን ክንዱ እምቢ አለው። ልቀበለው ብል እጄን መታ አደረገና ውስጡን ነገ አጥበዋለሁ አለ። የሱን ሰደርያ ማንም እንደማይነካበት ታውቂያለሽ። ከዚያ መንፋት ጀመረ። አንድ ይነፋል፣ ያርፋል። እንደ ገና ይነፋል፣ ግድግዳ ይደገፋል። ዝም ማለት ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝና «ጋሼ፣ ሰደርያ ነው የምትነፋው ወይስ እሳት?» አልኩት። ጣቱን ከማስተንፈሻው ቁልፍ ሳያነሣ ስለሳቀ የነፋው ሁሉ ፉሽ ብሎ ወጣ። ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ በኋላ እስኪጨርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ በሕይወቴ ረጅሙ ዝምታዬ እሱ ነው። ምስማሩ ላይ ሰቀለው፣ የሰደርያውን ደረት በመዳፉ ጫን አድርጎ ፈተነው፣ «ደህና ነው» አለ። ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ነገ ያለው ቀን አልጋ ላይ አገኘው።

አንቺ ከመንገድ የደረስሽው ከቀብር በኋላ ነው። ሰው የሞላበትን ቤት ትተሽ ወደ እኔ ክፍል መጣሽ፤ ሰደርያውን ከነተሰቀለበት አቅፈሽ ጉንጭሽን ለጠፍሽበት። «ትንፋሹ እዚህ ውስጥ ነው አጎቴ፤ ማንም እንዳይከፍተው» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። በዚያን ሰዓት ከእሺ ሌላ ቃል አላውቅም ነበር።

እናትሽም ከገበያ ስትመለስ ጎራ ትላለች። ዘንቢሏን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ በርሜሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ የሠፈሩን ሰው ሁሉ በየተራ ታማልኛለች፤ እኔም የጎደለውን እሞላለሁ። ልትሄድ ስትነሣ የሰደርያውን ደረት በመዳፏ ጫን ታደርገዋለች። «ደህና ነው» ትልና ትወጣለች። ይኸው ነው። አንድም ቀን ለስልሶ አላገኘችውም።

አሁን የሙያ ነገር ልንገርሽ፣ ይህን በተለይ ያዢ። ሰደርያ ስትገዢ፣ ከገዛሽም በኋላ በየጊዜው፣ ጢም አድርገሽ ነፍተሽ አሳድሪው። ጠዋት ከለሰለሰ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። ካልለሰለሰ ጥሩ ነው። ጥሩ የተባለውም ግን፣ አዲስም ቢሆን፣ ሳምንታት ሲያልፉ መልሰለሱ አይቀርም። በስፌቱ ይሁን በቫልቩ፣ በየት እንደሚሄድ ፈጣሪ ይወቅ፤ አየር እንደሆነ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ስኖር ክረምት ከበጋ ሳይለሰልስ የከረመ ሰደርያ አላየሁም። ከአንዱ በቀር። አንቺ ብልህ ልጅ ነሽ፣ አላብራራልሽም። ብቻ እናትሽ የገበያ ቀኗን የማትለዋውጥ ሴት በመሆኗ ምስጋና ይግባት። እኔም ባለፈው ስመረመር ሐኪሙ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሳምባ ከየት አመጣህ ብሎኛል።

ያለፈው ክረምት ወገቤ አልጋ ላይ ጥሎኝ ከረመ። ክፍሉ ተዘግቶ ቁልፉ እናትሽ ዘንድ ነበር፤ ድመቷን እንድትመግብልኝ። ተኝቼ የማስበው ስለ ወገቤ አልነበረም። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ ዛሬ ጫን ታደርገዋለች፣ ዛሬ እጇ ይሰምጣል እላለሁ። መቆም እንደቻልኩ በግድግዳ ተደግፌ ሄድኩ። ድመቷን እንኳን ሰላም ሳልል በቀጥታ ወደ ምስማሩ። የሰደርያውን ደረት ጫን አደረግሁት። ደህና ነው። ጎንበስ ብዬ የመንፊያውን አፍ አሸተትኩት፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።

ጠረግ አድርጌ ተውኩት። ነገሩን እሷ አላነሣችውም፣ እኔም አላነሣሁት። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ሥራ ሲበዛብኝ ተራዬን እዘነጋለሁ፤ ሰደርያው ግን ለስልሶ አያውቅም።

ልጄ፣ አየሩን ሳላወጣ ልልክልሽ አልችልም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ከሲሊንደሩ አየር የሚያስገባውን የመንፊያ ቁልፍ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። አባትሽ ነገ ብሎ የተወው ጨው ነክሶታል፤ ሲጫኑት ገብቶ ቶሎ አይመለስም። ተጭኖ የማይመለስ ቁልፍ ምን ማለት እንደሆነ ገና በሥልጠናሽ ይነግሩሻል፤ እኔ ግን አሁኑኑ ልንገርሽ። ሳታዝዢው ይነፋል። ከታች አንሥቶ እንደ ቡሽ ወደ ላይ ይወረውርሻል፤ ሳምባ ደግሞ እንዲህ ያለውን ፍጥነት አይችልም። በዚህ ሁኔታ አንቺ ላይ አስሬ አልሰድሽም። ሙልጭ አድርጎ ማጠብና ቁልፉን መፍታት ያስፈልጋል። ለማጠብ መክፈት ግድ ነው። ልክፈተው ብል ቃሌ አለ፤ ከቃሌም የሚብሰው የእናትሽ መዳፍ አለ። አልክፈተው ብል ደግሞ ጨው ከውስጥ እየበላው፣ ይኸው ሁላችንም ደህና ነው እያልን ዓይናችን እያየ ሊያልቅ ነው። ከድመቷ ጀምሬ እዚህ እስክደርስ ስዞረው የዋልኩት ነገር ይኸው ነው።

ስለዚህ አዲስ ግዢ። የአባትሽ ምስማሩ ላይ ይቆይ። ቂም ከያዝሽብኝ እኔ ላይ ያዢው፤ ትከሻዬ ከድሮም የለመደው ነው።

በይ የኔ ልጅ፣ ወርደሽ የምትወጪ ያድርግሽ። ባሕሩ ይወቅሽ እንጂ አይውደድሽ። ታች የምትነኪው ብረት እጅሽን አይያዘው፣ ላይ ገመድሽን የሚይዘው ሰው አያንቀላፋ። የአባትሽ ትከሻ ይጽናልሽ፣ የእናትሽ ጸሎት ይድረስሽ፣

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ያው «የኔስ ታጠበ?» ባይ ነው የሚሆነው።

እናትሽ ናት። የገበያ ቀኗ አይደለም። ዘንቢል የለም፤ ትልቅ ጀሪካን ተሸክማ አንድ ትከሻዋ ወርዷል። ልቀበላት ብድግ ስል ወገቤን በዓይኗ አየችና ተቀመጥ አለችኝ። «ውሃው ከቤት ነው። የቧንቧህን ወሬ እንዳትጀምርልኝ።» ለካ ለእሷም ጽፈሽላታል፤ ያቺን አንዷን መስመር። ወረቀቷን ከኪሷ አውጥታ አሳየችኝና መልሳ አጠፈቻት።

ይህን የምጽፍልሽ እሷ የጀሪካኑን ክዳን እየታገለች ሳለ ነው። በርሜሉ ላይ አልተቀመጠችም። ማንንም አላማችም። አሁን ሰደርያውን ከምስማሩ አወረደችው። ደረቱን ጫን አላደረገችውም፤ ደህና ነውም አላለች። የመንፊያውን አፍ ወደ እኔ አዞረችና «እትዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?» ስላት፣ «አንተ ማስተንፈሻውን ተጫን፣ እኔ አቅፈዋለሁ» አለች።

ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ብዕሩን ላስቀምጥ። አዲስ እንዳትገዢ።

ከድመቷ ቀጥሎ ያለው አጎትሽ